አውሮፕላን ይተካል፤ አብራሪስ?

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ አንድ የጦርነት ጨዋታ እናወጋለን። እ.ኤ.አ. በ2004 ለኮምፒውተር የተዘጋጀው «ዋር ኢን ዘ ፓስፊክ» ተጫዋቹን የጃፓን ወይም የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር አዛዥ ያደርገዋል። በየስኳድሮኑ ከአውሮፕላኑ ሌላ የአብራሪው ልምድና ድካም በቁጥር ተመዝግቦ ይታያል።

ጀማሪ አዛዥ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ብርቱውን ስኳድሮን ቀን ከቀን ያዘምተዋል፤ ድልም ይቀናዋል። ውሎ አድሮ ግን የደከመው አብራሪ ይወድቃል፤ በእግሩ የሚተካው ጥሬ ምልምል ይሆናል። ፋብሪካ አውሮፕላን ይሠራል፤ ልምድ ግን አይሠራም።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። ጃፓን ነባር አብራሪዎቿን አብዛኞቹ እስኪያልቁ ድረስ በግንባር አቆየች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን በውጊያ የተፈተኑትን እያፈራረቀ ወደ አገር ቤት መለሰ፤ ብዙዎቹም አዲሶቹን አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 ሁለቱ በፊሊፒን ባሕር ሲጋጠሙ፣ በቂ ሥልጠና ያላገኙ አብራሪዎችን ያሰለፈችው ጃፓን በሁለት ቀን ከ300 በላይ አውሮፕላኖች አጣች።

እንግዲህ ወታደሩ ዕረፍት ሲታዘዝ እንደ ማንኛውም ግዳጅ ይፈጽመው። ባለቤቷ ከግንባር ተነሥቶ በማሠልጠኛ የተመደበባት እኅታችንም ጎረቤት «ባልሽ ከውጊያ ሸሸ» ቢላት አንገቷን አትድፋ። እርሱ ዛሬ የሚያስተምረው ብልኃት ነገ የሌላይቱን ባል በሕይወት ወደ ቤቱ ይመልሳል።