ባልዲዋ የት ትቀመጥ?

እኔ ሰሞኑን ዕቃ ስጠቀልል ነው የከረምኩት። የአሌክሳንድርያ የቤት ኪራይ አልቀመስ ስላለን ወደ ዉድብሪጅ ልንወርድ ነው። ባለቤቴ ሳጥን ስትሞላ እኔ ጤናዳም የተተከለባትን ባልዲ ታቅፌ ክፍል ለክፍል እዞራለሁ። "እሷን ደግሞ የት ልታስቀምጣት ነው?" ትለኛለች።

ነገሩ ረዥም ነው። ከአገር የወጣሁት በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ለሁለት ዓመት ትምህርት ብዬ ነበር፤ ወደ ስዊድን፣ ጎተንበርግ። ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል የግል ጋዜጦች አዘጋጆች ታሰሩ፤ እኔ የምሠራበትም ጋዜጣ ከገበያ ጠፋ። መመለሻዬ በዚያው ቀረ።

ያንን ክረምት ያሳለፍኩት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በልብስ ማጠቢያ ነው። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነው። ከሕንፃው ምድር ቤት የነዋሪው ሁሉ የሆነ ማጠቢያ አለ፤ ስዊድኖቹ ትቬትስቱጋ ይሉታል። ተራ አስቀድሞ ይያዛል፤ ከተራህ አምስት ደቂቃ ብታሳልፍ የቁጣ ወረቀት ተለጥፎ ይጠብቅሃል። የማድረቂያው ክፍል ግን ይሞቃል፤ የናዝሬት ሙቀት ነው የምላችሁ! አንድ ሱሪና ሁለት ሸሚዝ ይዤ ለሦስት ሰዓት ተራ እይዝ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ግማሹን የጻፍኩት እዚያ፣ በሰው አንሶላ መሐል ተቀምጬ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ባለቤቴ ወዳለችበት ቨርጂኒያ መጣሁ። ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ተኛ፤ እኔ ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። የሌሊት ፈረቃ፣ እንደገና ምድር ቤት! (ከምድር በላይ ለመኖር መቼ እንደሚፈቀድልኝ እንጃ።) አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ደሴ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፔርሙዛቸውን ሲከፍቱ የጭስ ማውጫው ሽታ ሁሉ ይጠፋል።

"ጋሼ፣ ይህን ጤናዳም ከየት ነው የሚያመጡት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ከመስኮቴ ነዋ! ላንተም ዘንጥፌ አመጣልሃለሁ።"

አመጡልኝ። ባልዲዋ ውስጥ ያለችው እሷ ናት።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ሰባት መኪና ቆሞ አየሁ። መኪና መቁጠር ሥራዬ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰባት መኪና ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እናቴ ካረፈች ዐሥር ቀን ሆኗት ነበር፤ ቅዳሜን ጠብቀው ነው ያረዱኝ። የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ ብዙ አገር ያስገባል፤ እሷ የተቀበረችበትን አገር ብቻ አያስገባም። ለቅሶውን ሦስት ቀን ተቀምጬ ወደ ምድር ቤቴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጋሼ ፔርሙዛውን ከፈቱ። ሽታው የእናቴን አጥር ጥግ ይዞብኝ መጣ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ስትቀጥፍ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ! ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አፈር ያላለበስኳት ልጇ በአንድ ስኒ ቡና ልደሰት? ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣

"ይቀዘቅዝብሃል፣ ጠጣ" አሉኝ።

ጠጣሁ።

በ2011 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ስንገባ እኔም ገባሁ። መቃብሯን ተሳለምኩ። ሰፈር ብሄድ አጥሩም ጤናዳሙም የሉም፤ ባለአራት ፎቅ ቆሞበታል። ጥበቃው "ማንን ነው?" አለኝ። ማንንም አልኩት።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው አሁን ልጃቸው ዘንድ ሚኒሶታ ናቸው። ባለፈው እሑድ ደወሉልኝ። የእርሳቸው ጤናዳም በብርድ ሞታለች። "ያንተ አለች?" አሉኝ።

"አለች ጋሼ።"

"እንግዲያው ዘንጥፈህ ላክልኛ!"

ቅዳሜ ነው የምንገባው። ባልዲዋን ከፊት ወንበር፣ ቀበቶ አስሬላት እወስዳታለሁ፤ ባለቤቴ ከኋላ ከሳጥኖቹ ጋር ትሆናለች። እሷ ግን ገና አልተስማማችም።