አንድ ሰርቨር ባለው ነጋዴ ላይ የኔትወርክ ስቶሬጅ አትጫኑ

«ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራ ድርጅት ሁሉ ዳታውን በኔትወርክ ስቶሬጅ ላይ ያስቀምጥ» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ለባንክ ዳታ ሴንተር ልክ ነው። አየር ጤና አደባባይ አካባቢ ላለ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ግን ጎጂ ምክር ነው።

ጸሐፊው ዋናው ጥቅሙ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ማሽኖቹን በሌላው ላይ ማስነሣት ነው ይላሉ። ሌላው የት አለ? ነጋዴው ያለው አንድ ሰርቨር ብቻ ነው!

ፍጥነቱም ቢሆን አያዋጣም። የአንድ ጊጋቢት መስመር ቢበዛ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ግን ወደ 550 ያነባል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪና የስቶክ ዳታቤዙ በዚያ ጠባብ መስመር ሲጋፉ ገንዘብ ተቀባይዋ ደንበኛ አቁማ ትጠብቃለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ዩፒኤስ ቢይዘውም፣ ስዊቹ በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ ከተሰካ መስመሩ ይቋረጣል። ቨርቹዋል ማሽኖቹ እየሠሩ ሳሉ ዲስካቸውን ያጣሉ፤ በዚያች ሰዓት ሲጻፍበት የነበረው ዳታቤዝ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሰርቨሩ ከስቶሬጁ ቀድሞ ከተነሣ ማሽኖቹ ሳይነሡ ሊቀሩ ይችላሉ። ዲስኩ ሰርቨሩ ውስጥ ቢሆን ይህ ጣጣ አይኖርም።

ዲስክ ይቃጠላል ብላችሁ ከሰጋችሁ ሁለት ኤስኤስዲ በሬይድ 1 አጣምሩ። ሬይድ ግን የተሰረዘ ፋይል አይመልስም፤ ባክአፕ አይደለም። የኔትወርክ ስቶሬጅ ከገዛችሁ የማታ ባክአፕ ያዙበት፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ጥሩ ዩፒኤስ ግዙ።