የፊት ቀዳዳ መስፋትና ሕክምናው

ከሥራ መልስ መስተዋት ሲመለከቱ የአፍንጫዎና የጉንጭዎ ቀዳዳዎች ሰፍተው ታዩዎት? ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። የቆዳ ቀዳዳ ወዝ የሚወጣበትና ፀጉር የሚበቅልበት ነው እንጂ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ አይደለም። ስፋቱ በአብዛኛው የዘር ነው፤ ዕድሜና ፀሐይ ቆዳውን ሲያላሉት ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። ስለዚህ «ቀዳዳውን እዘጋልዎታለሁ» የሚልዎትን ይጠራጠሩ።

ሐኪም የሚችለው ቀዳዳው አንሶ እንዲታይ ማድረግ ነው። የላይኛውን ቆዳ በሳሊሲሊክ ወይም በግላይኮሊክ አሲድ በስሱ መላጥ፣ በጥቃቅን መርፌ መውጋት፣ ሌዘርም አለ። ሁሉም በሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል።

ነገር ግን የእኛ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል። ጠንካራ አሲድ ወይም የማይስማማው ሌዘር የነካው ፊት ጥቁር ምልክት ይዞ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቀዳዳውን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነበር፤ ጥቁረቱን ግን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ፊትዎን ለፀጉር ቤት ሳይሆን ለቆዳ ሐኪም ይስጡ። «እንደ እኔ ባለ ቆዳ ላይ ሠርተው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ሬቲኖይድ ያለበትን ቅባት አይቀቡ። ሕክምናው ከአቅም በላይ ቢሆን እንኳ በለስላሳ ሳሙና ጠዋትና ማታ መታጠብ፣ ከቤት ሲወጡም የፀሐይ መከላከያ መቀባት ወይም ጥላ መያዝ ይቻላል።