ወደ ባሌ ደጋ ስለሚሄዱ ወጣት ባልና ሚስት ሥራ

ትዳር ከያዙ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ቤታቸውን ጠቅልለው ወደማያውቁት ብርዳም አገር ለመሄድ በተነሡ ጊዜ፥ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ስለ ብርዱ ነው። እናት ጋቢ ትደርብላቸዋለች፤ ጎረቤትም ለብርድ ልብስ ያዋጣል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን አስተውሎ ለተመለከተው ሰው፥ ወጣቶችን ከደጋ አገር የሚመልሳቸው ብርዱ ብቻ ሆኖ አይገኝም። ከሁለቱ አንዱ ሥራ አግኝቶ ሌላው እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ከብርዱ ይልቅ ይበረታል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገርበት የወደድነው ነገር ይኸው ነው።

ነገሩን በጥቅሉ ከመናገር አንድ አገር ወስዶ መመልከት ይሻላልና፥ ባሌን፥ ከባሌም ዲንሾን እንውሰድ። ባል የሒሳብ መምህር፥ ሚስት አዋላጅ ነርስ ሆነው ከአዳማ ተነሡ እንበል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት፤ ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል የሚቀንስ ስለሆነ፥ እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ወደ ሌላ አየር ይገባሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ በሌሊት ይጠራል፤ ጠዋትም ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የሳነቴ አምባ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይብሳል፤ ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በላዩ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል።

በዚህ ላይ የማገዶ ነገር አለ። ዲንሾ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝበት ስፍራ ነው፤ በፓርኩ ያለው ጽድና ኮሶም በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ እንደ ልብ ተቆርጦ አይነድም። እንግዲህ ብርድ ባለበት አገር ማገዶ እንደ ጤፍና እንደ በርበሬ ከደመወዝ ላይ የሚታሰብ ወጪ መሆኑን፥ ከቆላ የመጣ ሰው የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። መምህሩ በወረዳው ትምህርት ቤት ተመድቦ ማስተማር ጀመረ እንበል። የአዋላጅ ቦታ ግን በዚያ ዓመት በዲንሾ ጤና ጣቢያ ባይኖርና ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ቢገኝስ? ሮቤ ከዲንሾ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጎባም ከዚያ አለፍ ብሎ ነው። ጠዋት 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማታ 30 ኪሎ ሜትር መመለስ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አዋላጅ በሌሊትም ተረኛ ናት፤ ምጥም ሰዓት አይመርጥም። ስለዚህ ሚስት በሮቤ ቤት ትከራያለች፥ ባል በዲንሾ ይከራያል። ሁለት የቤት ኪራይ፥ ሁለት ምድጃ፥ ሁለት የማገዶ ሒሳብ ይሆናል። አንድ ሆነው ለመኖር የተጋቡ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚተያዩ እንግዶች ይሆናሉ። ሚስት ይህን አልፈልግም ብላ በዲንሾ ብትቀመጥ ደግሞ፥ አራት ዓመት የተማረችው ሙያ ከእሳት ዳር ይቀመጣል። በዓመቱ መጨረሻ ባል የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። ማንም ሊፈርድበት አይችልም። የዲንሾ ልጆች ግን በመስከረም እንደገና የሒሳብ መምህር ያጣሉ፤ ወረዳውም እንደገና ማስታወቂያ ያወጣል። መንግሥት አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ ለመሙላት የሚያወጣው ወጪና ድካም፥ መጀመሪያ ሁለቱን ባንድነት አስቦ ቢመድብ ኖሮ ከሚደርስበት ያይላል ብለን እናምናለን።

የባሌ ደጋ ሥራ የሌለበት አገር ነው ማለታችን እንዳልሆነ ግን ይታወቅልን። ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ጎባም ሪፈራል ሆስፒታል አላት። ከሁለቱ ከተሞች ወጥቶ ወደ ሲናናና ወደ አጋርፋ የተመለከተ ሰው፥ እስከ ዓይን ድረስ የተዘረጋውን የስንዴ ሜዳ ያያል። በዚያ አገር ዝናቡ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፥ የአገሩ ሰዎች «ገና»ና «ቦና» በሚሏቸው ሁለት ወቅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። አዝመራውም በኮምባይነር የሚታጨድ ስለሆነ፥ ሞተር የሚጠግን፥ መለዋወጫ የሚያቀርብ፥ ሒሳብ የሚይዝ፥ ምርጥ ዘር የሚያባዛና የሚመረምር ሰው ይፈለጋል። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም ይህንኑ ሥራ ሲያካሂድ ቆይቷል። ወደ ዲንሾ ከፍ ሲባል ደግሞ ስንዴው ለገብስ፥ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት ስፍራውን ይለቃል።

ይሁን እንጂ ከከተማ የሚመጡ ወጣቶች «መሬት ወስደን እናርሳለን» ብለው ቢነሡ፥ ነገሩን በሚገባ እንዲያጤኑት እንመክራቸዋለን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል፤ በዚያም ያለው እርሻ ከጥንት ጀምሮ የሚያርሰው ባለቤት አለው። እንግዳ ሰው ሊገባበት የሚችለው በኪራይ ወይም ምርትን በመካፈል ነው፤ ይህም መታመንን፥ መታመንም ጊዜን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዓመት ከእርሻ ገቢ የሚጠብቅ ባልና ሚስት ስንቅ ሳይዝ መንገድ እንደ ጀመረ ሰው ነው።

ስለ ቱሪዝምም ብዙ ይነገራል። በእርግጥም ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በዓለም ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎችም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚያው ነው፤ የደጋ አጋዘንም በዲንሾ ዙሪያ በቅርብ ይታያል። መንገድ መሪ፥ ባለ ፈረስ፥ ምግብ አብሳይ፥ አልጋ አከራይ ከዚህ እንጀራ ይበላሉ። ነገር ግን ይህ ሥራ በአገሩ ልጆች እጅ ያለ ነው፤ እንዲህም ሊሆን ይገባል፤ ከብቱን ከጥብቁ ሣር እንዲመልስ የተጠየቀው እርሱ ነውና። ደግሞም እንግዳ አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፥ አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ፥ ቀጥሎም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ምክንያት የውጭ አገር ጎብኚ በመላው ኢትዮጵያ ምን ያህል እንደ ራቀ ሁላችንም አይተነዋል። ስለዚህ አዲስ ለሚገቡ ባልና ሚስት ይህ ሥራ ለደመወዝ ድጎማ ይሆናል እንጂ ደመወዝን አይተካም። እኛ ግን ብዙም ሳይነገርለት የቀረ አንድ መንገድ እናያለን፤ ይኸውም በእንግዳ ማረፊያዎችና በፓርኩ አካባቢ ሒሳብ አዋቂ፥ ቋንቋ አዋቂና ጽሕፈት አዋቂ ሆኖ ማገልገል ነው። የአገሩን ልጅ ከቦታው ሳያስለቅቁ የሚሠሩት ሥራ እንዲህ ያለው ነው።

ቋንቋን ካነሣን፥ በኦሮሚያ ክልል የመሥሪያ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን ማንም ያውቃል። ከአዳማ የሚነሡት ምናልባት ይችሉታል። ከሌላ ክልል የሚነሡ ግን ሻንጣቸውን ከማሰራቸው አስቀድሞ ቋንቋውን ሊማሩ ይገባል። አዋላጇ በምጥ የተያዘችን እናት «የት ነው የሚያምሽ» ብላ በገዛ ቋንቋዋ መጠየቅ ካልቻለች፥ ዲፕሎማዋ ምን ይረባል?

ወደ ክቡራን ሹማምንት እንመለስ። የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ የደመወዙ መጠንና የትምህርቱ ደረጃ ይጻፋል። መኖሪያ ቤት መኖሩና አለመኖሩ፥ ውኃው የሚቀዳበት ርቀት፥ የማገዶው ዋጋ፥ የሌሊቱ ብርድ ግን ሲጻፍ አናይም። ሰውን በእውነት ጠርቶ ጥቂት ማግኘት፥ ሸፍኖ ጠርቶ ብዙ ካገኙ በኋላ ከማጣት ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። በአገራችን «የበረሃ አበል» የሚለውን ቃል ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል፤ «የውርጭ አበል» የሚል ግን በማንም አፍ አልተለመደም። ሙቀት ሰውን እንደሚጎዳ ሁሉ ብርድም ይጎዳዋል፤ ወፍራም ልብስና ማገዶም በነጻ አይገኝም። የገንዘብ ነገር ከባድ መሆኑን ስለምናውቅ፥ ለዛሬ በዚህ አንከራከርም። የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይዘገይ በወሩ መጨረሻ መከፈሉ ግን አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የመዝገብ ቤት ትጋት ብቻ ይበቃዋል። ማንም የማያውቃቸው ባልና ሚስት በደረሱበት አገር ከባለ ሱቅ ብድር መለመን የለባቸውም።

ካህናት አባቶችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ወጣቶቹ ከመሄዳቸው በፊት ምክር የሚጠይቁት ከቢሮ ሳይሆን ከነፍስ አባታቸው ነው። ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሂዱ» ብሎ መመረቅ መልካም ነው። ከምርቃቱ በፊት ግን «ለሁለታችሁም ሥራ ተገኝቷልን? ልጅ ብትወልዱ ሐኪም ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ መጠየቅ ምርቃቱን የሚያጎድል አይመስለንም። ወላጆች ያላሰቡትን ይህን ጥያቄ አንድ ሽማግሌ ቢያነሣው ወጣቶቹ አያፍሩም።

በኦሮሚያ ያሉት የትምህርት፥ የጤናና የሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤቶች የሰው ኃይል ዝርዝራቸውን ለየብቻቸው ይዘው ይኖራሉ። መምህሩ በአንዱ መዝገብ፥ አዋላጇ በሌላው መዝገብ ይጻፋሉ፤ በቤታቸው አንድ ሲሆኑ በመንግሥት ዘንድ ግን አይተዋወቁም። ከነሐሴ በፊት፥ የመስከረም ምደባ ሳይዘጋ፥ የዲንሾንና እንደ ዲንሾ ያሉትን የብርድ ወረዳዎች ዝርዝር ባንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማመሳከር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። በማመልከቻውም ቅጽ ላይ የባል ወይም የሚስት ሙያ የሚጻፍበት መስመር ከሌለ ይጨመር፤ ካለም ይነበብ።