ያረጀ ተጓዥ ቤት ስለ ማደስ

በኤውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተ ሰብ የዕረፍት ጊዜው በደረሰ ጊዜ ገንዘቡን በእንግዳ ማረፊያ ቤት ከመጨረስ ይልቅ፥ መኝታውንና ማድ ቤቱን በአንድ መኪና ላይ ይዞ አገር ለአገር መዞርን ይመርጣል። ይህን ዓይነቱን መኪና በዚህ ጽሑፍ ተጓዥ ቤት ብለን እንጠራዋለን። የአዲሱ ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ መጠነኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ገዝተው በገዛ እጃቸው ማደስን ለምደዋል። በጀርመን አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው በዚህ ዓይነት ለመዞር የሚያስቡ አይጠፉምና፥ ስለዚሁ እድሳት ጥቂት መጻፍ ይጠቅማል ብለን ገመትን።

የነገሩ መነሻ ራሱ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። በደቡብ ጀርመን ኢስኒ በምትባለው ከተማ አሪስት ዴትሌፍስ የሚባል፥ ጅራፍና የበረዶ መንሸራተቻ ምርኩዝ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበረ። ለንግዱ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ከእጮኛው ከፍሪድል ኤደልማን መለየት ግድ ይሆንበት ነበር። እርስዋም ሠዓሊት ነበረችና፥ አብራው እየተጓዘች ሥዕልዋን የምትሠራበት ማደሪያ ቢገኝ ወደደች። ስለዚህ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓመት በመኪና የሚጎተት አንድ ትንሽ ቤት ሠራላት። ሞተሩና ቤቱ በአንድ አካል የሆኑት ግን በብዛት የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት አሮጌዎች ብዙዎቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት እንደ ፊያት ዱካቶ ባሉ የጭነት መኪናዎች ላይ የተሠሩ ናቸው።

ገዢው እንዲህ ያለውን መኪና ከደጁ ባቆመ ጊዜ፥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመጋረጃው፥ በወንበሩ ልብስና በመደርደሪያው ቀለም ላይ ነው። ወዲያውም ጨርቁን ይገዛል፤ ቀለሙን ይበጠብጣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ቤቱ ያማረ ይመስለዋል። እኛ ግን ሥራው በዚህ በኩል አይጀመር እንላለን። ሰው ክረምት ሳይገባ የቤቱን ክዳን እንደሚመለከት ሁሉ፥ ተጓዥ ቤትም የሚታደሰው ከጣራው ጀምሮ ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የነዚህ ቤቶች ግድግዳ ከሩቅ ሲያዩት የብረት ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ከስሱ የአሉሚኒዮም ቆርቆሮ በስተ ኋላ ያለው የቀጫጭን እንጨት ቋሚና አግዳሚ ነው። በእንጨቱ መካከል ብርድና ሙቀት የሚከላከል ነጭ ፎም ይሞላል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ በስስ ኮምፔንሳቶ ይሸፈናል። በጣራው ላይ አንድ ጠባብ ስንጥቅ ቢከፈት፥ ውሃው በቆርቆሮውና በኮምፔንሳቶው መካከል ይወርድና መውጫ ስለማያገኝ ከእንጨቱ ጋራ ይቀመጣል። የሣር ክዳን ቤት ሲያፈስ ጠብታው በባለቤቱ ራስ ላይ ስለሚወርድ በማግስቱ ይጠገናል፤ ይህኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ ለዓመታት ይበሰብሳል። ባለቤቱ በግድግዳው ላይ ቡናማ እድፍ ባየ ጊዜ፥ ከጀርባው ያለው እንጨት ብዙ ጊዜ በጣት የሚፈረፈር ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መመርመር ይገባል። አልጋውን ገልጦ ከሥሩ ያሉትን ማዕዘኖች፥ የቁም ሣጥኑን ውስጥ፥ የመስኮቶቹን ግርጌና የጣራውን መስኮት ዙሪያ በአውራ ጣት ጫን ጫን ማለት ነው። ጤነኛው ጠንካራ ነው፤ የታመመው ይሰጥማል። አፍንጫም በዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ሻጋታ በመጋረጃ አይሸፈንምና። ጥቂት ገንዘብ አውጥቶ የእንጨት እርጥበት መለኪያ መግዛትም ይቻላል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የውሃው መግቢያ ሊፈለግ ይገባዋል። ምርመራው ከብርቱ ዝናብ በማግስቱ ቢሆን የበለጠ ይታመናል። ሻጩ ግድግዳውን በቅርብ ቀለም ቀብቶ ወይም ውስጡን ሽቶ ረጭቶ ቢጠብቃችሁ፥ ትሕትናውን አመስግናችሁ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፥ ወንበሩ የተቀደደውንና ደረቁን ውሰዱ፤ ያጌጠውንና እርጥቡን ለሌላ ተዉት።

ውሃው የሚገባው በሰፊው ጣራ መካከል ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በመገጣጠሚያው ነው። ጣራው ከግድግዳው ጋራ በሚገናኝበት ጠርዝ፥ በጣራ መስኮቱ ዙሪያ፥ የዳሱ ሸራ በሚሰካበት ሐዲድ ብሎኖች ሥር፥ እንዲሁም ኋላ ተጨምረው በተበሱ ቀዳዳዎች ይገባል። ብዙ ሰው በአሮጌው ማሸጊያ ላይ አዲስ ሲሊኮን ደርቦ ይለጥፍና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ይህ ከንቱ ድካም ነው። የደረቀው ማሸጊያ ከሥር መላቀቁን አያቆምም፤ ሲሊኮኑም አንድ ጊዜ ከተቀባ በኋላ ሌላ ማሸጊያ በላዩ ስለማይጣበቅ፥ ለሚቀጥለው ጠጋኝ መከራ ይተርፋል።

ትክክለኛው አሠራር ሐዲዱን ወይም መስኮቱን ፈትቶ ማንሣት ነው። አሮጌው ማሸጊያ ቆርቆሮውን በማይቧጭር የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ስለት ተፍቆ ይነሣል፤ ቦታው በአልኮል ይጠራል፤ ከዚያም ቡቲል የሚባለው ለስላሳ የማሸጊያ ጥብጣብ ይነጠፋል። ቡቲል ደርቆ ስለማይሰነጠቅ፥ መኪናው በመንገድ ሲንገጫገጭ አብሮ ይለጠጣል። ብሎኖቹን በአንድ ጊዜ አጥብቆ ማሰር አይገባም፤ በመጀመሪያ ቀን በመጠኑ፥ ጥብጣቡ ተጨፍልቆ ከተረፈ በኋላም በማግስቱ ጥቂት መጨመር ይሻላል። ዝገት የበላው ብሎን ዝገት በማይነካው ይተካ። ይህ ሁሉ ከካቻቢቴና ከትዕግሥት በቀር ብዙ መሣሪያ አይፈልግም።

እንጨቱ አስቀድሞ በስብሶ ከተገኘ ግን ሥራው ከውስጥ በኩል ነው። ኮምፔንሳቶው ይቀደዳል፤ የበሰበሰው እንጨት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ በመሮና በመጋዝ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ግድግዳው ተከፍቶ፥ ነፋስ እየገባበት፥ ለሳምንታት መድረቅ አለበት። እርጥቡን በአዲስ እንጨት የዘጋ ሰው በሽታውን ቀበረ እንጂ አላዳነም። መለኪያው ደረቅ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፥ አዲሱ እንጨት ውሃ በማይፈታው ኮላ ከአሮጌው ጋራ ተደራርቦ ይጋጠማል፤ ፎሙ በልኩ ተቆርጦ ይገባል፤ አዲስ ኮምፔንሳቶም ይለብሳል። ቀለምና መጋረጃ የሚመጡት እንግዲህ ነው።

ከውሃ ቀጥሎ የሚታሰበው ጋዝ ነው። እዚህ ላይ የባለቤቱ እጅ መሰብሰብ አለበት። በጀርመን አገር የተጓዥ ቤት የጋዝ መሥመር በየሁለት ዓመቱ በተፈቀደለት ባለሙያ እንዲመረመር ከ2025 ዓመት ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ሬጉላቶሩና የጎማው ቱቦም ከአሥር ዓመት በላይ አያገለግሉም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት የጀርመን ተጓዥ ቤቶች ምድጃቸውና ማሞቂያቸው የሚሠራው በ50 ሚሊባር ግፊት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን በ30 ሚሊባር ነው። ስለዚህ በ30 ለሚሠራ ምድጃ የ50 ሬጉላቶር መግጠም እሳቱን ከመጠን በላይ ያደርገዋልና፥ በየዕቃው ላይ የተጻፈውን ቍጥር ሳያነቡ ምንም መግዛት አይገባም።

ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ግን ጥቂት አይደለም። ጠርሙሱን በለወጠ ቍጥር በማሰሪያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ መነሣቱን ይመልከት። የጋዝ ሣጥኑ ወለል ላይ ያለውን ቀዳዳም ከቶ አይድፈን። ብርድ ይገባል ብሎ ጨርቅ የሚወትፍበት ሰው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ጋዙ ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ፥ ቢያፈተልክ የሚወጣው በዚያ በታች ባለው ቀዳዳ ብቻ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለወገኖቻችን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በሄድንበት ሁሉ ቡናችንን በከሰል ማፍላት እንወዳለን፤ ዝናብ ሲመጣም ምድጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ያምረናል። በተጓዥ ቤት ውስጥ ይህ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኙትን ልጆች ሳያነቃ ይገድላል። ፍሙ የጠፋ መስሎ አመድ ቢለብስም መርዙ አልቆመም። ጭሱ ከወጣ፥ መስኮቱም ጥቂት ከተከፈተ አይጎዳም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ቡናው ከውጭ በዳሱ ሥር ይፈላ፤ ዳሱም ዙሪያውን ያልተዘጋ ይሁን። በአልጋው አጠገብም ይህን መርዝ ለይቶ የሚጮኽ መሣሪያ ይሰቀል። ለመጋረጃ ከሚወጣው ገንዘብ በትንሹ ይገኛል።

ስለ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ እንናገር። ሰዎች በመጀመሪያ ትልቅ ባትሪ መግዛትን ያስባሉ፤ ርካሹ ማሻሻያ ግን አምፑሉን መለወጥ ነው። አምስት አሮጌ አምፑሎች እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢበሉና አራት ሰዓት ቢበሩ 200 ዋት ሰዓት ይጨርሳሉ፤ 2 ዋት የሚበሉ ኤልኢዲዎች ግን በዚያው ጊዜ 40 ብቻ። ተራው የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ከ12 ነጥብ 7 ቮልት ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከ12 በታች እየወረደ የሚከርም ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። ወደ ሊቲየም ባትሪ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው፥ አሮጌው ባትሪ መሙያ ለአዲሱ የሚስማማ መሆኑን ይጠይቅ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መሙላትም እንደሚጎዳው ይወቅ። አዲስ ሽቦ በተዘረጋ ቍጥር ከባትሪው አጠገብ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ይግባበት። የ230 ቮልቱ መሥመር ግን የባለሙያ ፈንታ ነው።

ማቀዝቀዣው ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይጣላል። በነዚህ ቤቶች የሚገኘው በ1922 ዓመት ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች የፈለሰፉት፥ በሞተር ሳይሆን በሙቀት ኃይል የሚሠራው ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በክብደቱ ስለሚወርድ፥ መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ አያቀዘቅዝም። እንግዲህ አዲስ ከመግዛት በፊት መኪናውን በደልዳላ ቦታ ማቆምና ከኋላው ያለውን የአየር መግቢያ ከአቧራና ከሸረሪት ድር ማጽዳት ነው።

ባለቤቱ ዕቃ በጨመረ ቍጥር ክብደቱን ያስብ። ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ለ3500 ኪሎ ግራም የተፈቀዱ ናቸው፤ 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ግራም ነው። ወፍራም ጣውላ፥ ሁለተኛ ባትሪና የብስክሌት መስቀያ ሲደመሩ ወሰኑ ሳይታወቅ ይታለፋል፤ ስለዚህ ሙሉ ጭነቱን እንደ ያዘ በሚዛን ላይ ማውጣት ያሻል። ጎማውም ብዙ ስለማይሄድ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ዕድሜው በጎኑ ላይ በተጻፈው የመጨረሻ አራት ቍጥር ይታወቃል፤ 2319 የሚል ቢገኝ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ይመርመር፤ በጎኑ ስንጥቅጥቅ የወጣበት ወይም አሥር ዓመት የሞላው ከሆነ፥ ጥርሱ ገና ጥልቅ ቢሆንም እንኳ ልጆች ሳይሳፈሩበት ይለወጥ።