ክራክ የተደረገ ቢሮ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ 11 ማሳደግ ነፃ ነው፤ የነበረው 10 ሕጋዊ ከሆነ ግን። በክራክ የከረመ ኮምፒውተር ሲያሻሽሉት «አክቲቬት ያድርጉ» ይላል። የለመድነው መፍትሔ? አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ሌላ ክራክ መጫን። ዘበኛን አሰናብቶ ለሌባ ቁልፍ መስጠት ይሏል ይህ ነው!

በግል ላፕቶፕ ከሆነ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። የይዞታ ማስረጃና የታካሚ መረጃ ባለበት የመንግሥት ኮምፒውተር ሲሆን ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ቢሮዎቿ የተዘረፉባት ወልድያ ፋይል ማጣት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«በጀት የለም» አይባል። መግዛት የሚችል ቢሮ ላይሰንሱን ከኮምፒውተሩ ጋር በጨረታ ሰነዱ ያስገባ፤ የማይችል ነፃውን ኡቡንቱ ይጫን። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን የቅጅ መብት ያስከብራል። አዋጁን ያወጣው መንግሥት ነው፤ አስቀድሞ ራሱ ይገዛበት!