አለቃው የማያየው መስኮት

“የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ይባላል። በየቢሮው ይህን ተረት የሚያስታውስ አለቃ አይጠፋም፤ የሠራተኞቹን ስንፍና ይቆጥራል፣ የራሱን ቁጣ ግን “ለሥራ መቆርቆር” ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ጆሴፍ ሉፍት እና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ራስን ማወቂያ ባለ አራት ክፍል ሥዕል አዘጋጁ። ከስማቸው ጆ እና ሃሪን ወስደው “ጆሃሪ መስኮት” አሉት። አንደኛው ክፍል እኛም ሌላውም የምናውቀው ጠባያችን ነው፤ ሁለተኛው የደበቅነው፤ ሦስተኛው ማንም ገና ያላወቀው። አለቃን የሚጥለው አራተኛው ነው፤ ሌሎች የሚያዩት፣ እሱ ግን የማያየው።

ሥልጣን ይህን ክፍል ያሰፋዋል። የደመወዝ ጭማሪው በእጅዎ ያለ ሠራተኛ “ሰው ሲናገር ያቋርጣሉ” አይልዎትም። ዝም ይላል፤ ሲመረው መልቀቂያ ያስገባል።

ስለዚህ “ድክመቴ ምንድን ነው?” ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ “ኧረ ምንም የለብዎትም” ነው። ይልቅ “በዛሬው ስብሰባ ምን ባደርግ ይሻል ነበር?” ይበሉ። ሲነገርዎት አይከራከሩ፤ ይጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት አንዷን አርመው ያሳዩ። ያኔ ሌላው እውነት ሳይጠየቅ ይመጣል።

ቤትም ይሞክሩት። ልጆች የደመወዝ ጭማሪ ስለማይጠብቁ ቶሎ ይነግሩዎታል።